ባራክ ኦባማ በኢሊኖይ ሴኔት ያቀረቧቸው ሕጎች

ባራክ ኦባማ 44ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት፣ ከጃንዋሪ 1997 እስከ ኖቬምበር 2004 ድረስ የኢሊኖይ ግዛት ሴኔት አባል ነበሩ። በዚያ ካቀረቧቸው ረቂቅ ሕጎች ዋና ዋናዎቹ የጸደቁት ከጃንዋሪ 2003 እስከ ጃንዋሪ 2005 በተሰበሰበው በ93ኛው የኢሊኖይ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ከእነዚህም መካከል የግድያ ተጠርጣሪዎች ምርመራ በድምፅ ወይም በምስል እንዲቀረጽ ያዘዘው ሕግ፣ ፖሊስ በመንገድ ላይ የሚያስቆማቸውን አሽከርካሪዎች ዘር እንዲመዘግብ ያደረገው ሕግ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኞች የሚሰጠው የግብር ተቀናሽ እና የሕፃናት የጤና መድን መስፋፋት ይገኙበታል።

ኦባማ በሴኔቱ በቆዩባቸው የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት ፓርቲያቸው አናሳ ስለነበር ካቀረቧቸው ረቂቆች አብዛኞቹ ለድምፅ እንኳ አልደረሱም። በ2003 ዴሞክራቶች ሴኔቱን ሲይዙ ግን በአንድ የሥራ ዘመን ውስጥ በርካታ ሕጎች በስማቸው ወጡ። ስለዚህ ይህ ዘመን በአሜሪካ ግዛቶች ረቂቅ ሕግ እንዴት ሕግ እንደሚሆን፣ የአቅራቢው ድርሻ የቱ እንደሆነና የምክር ቤቱ አብላጫ ምን ያህል እንደሚወስን በግልጽ ያሳያል።

በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኢሊኖይ ጠቅላላ ጉባኤ አሠራር

የኢሊኖይ ሕግ አውጪ አካል «ጠቅላላ ጉባኤ» ይባላል። መቀመጫው የግዛቲቱ ዋና ከተማ ስፕሪንግፊልድ ነው። ሁለት ምክር ቤቶች አሉት፦ 59 አባላት ያሉት ሴኔት እና 118 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤት። እያንዳንዱ ጠቅላላ ጉባኤ ለሁለት ዓመት ይቆያል፤ በቁጥርም ይጠራል። በአንዱ ጉባኤ ዘመን ያልጸደቀ ረቂቅ ከዘመኑ ጋር ያበቃል፤ በሚቀጥለው ጉባኤ እንዲታይ ከተፈለገ እንደ አዲስ መቅረብ አለበት።

አንድ ረቂቅ ሕግ የሚጀምረው ከምክር ቤቱ አባላት አንዱ በስሙ ሲያቀርበው ነው። ይህ አባል «ዋና አቅራቢ» ይባላል። ረቂቁን በኮሚቴ ፊት የሚያስረዳው፣ ማሻሻያ የሚቀበለው ወይም የሚቃወመው፣ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ለጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው እርሱ ነው። ሌሎች አባላት ድጋፋቸውን ለማሳየት ስማቸውን በተባባሪ አቅራቢነት ማስመዝገብ ይችላሉ። ረቂቁ ከአንዱ ምክር ቤት አልፎ ወደ ሌላው ሲሄድ እዚያም የራሱ ዋና አቅራቢ ያስፈልገዋል። በዚህ ምክንያት አንድ ሕግ ቢያንስ ሁለት አቅራቢዎች ይኖሩታል፤ አንዱ በሴኔት፣ ሌላው በተወካዮች ምክር ቤት።

ረቂቁ በእያንዳንዱ ምክር ቤት በሦስት የተለያዩ ቀናት መነበብ አለበት። ከመጀመሪያው ንባብ በኋላ ወደ ደንብ ኮሚቴ ይላካል። ይህ ኮሚቴ ረቂቁን ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራዋል፤ ወይም ሳይመራው ያስቀረዋል። የደንብ ኮሚቴውን የሚቆጣጠረው አብላጫው ወገን በመሆኑ የአናሳው ወገን አባል ያቀረበው ረቂቅ ብዙ ጊዜ ከዚህ አያልፍም። ከቋሚ ኮሚቴ የወጣ ረቂቅ በሁለተኛው ንባብ ማሻሻያ ይደረግበታል፤ በሦስተኛው ንባብም ድምፅ ይሰጥበታል። ለማለፍ በሴኔቱ 30፣ በተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ 60 የድጋፍ ድምፅ ያስፈልጋል።

ሁለቱም ምክር ቤቶች ያጸደቁት ረቂቅ ወደ አገረ ገዥው ይሄዳል። አገረ ገዥው በ60 ቀናት ውስጥ ሊፈርምበት፣ ውድቅ ሊያደርገው ወይም የማሻሻያ ሐሳብ ጨምሮ ሊመልሰው ይችላል። ውድቅ የተደረገ ረቂቅ በሁለቱም ምክር ቤቶች ሦስት አምስተኛ ድምፅ ካገኘ ያለ አገረ ገዥው ፈቃድ ሕግ ይሆናል። የጸደቀው ሕግ የሚሰጠው ቁጥር በጉባኤው ቁጥር ይጀምራል። ስለዚህ በ93ኛው ጉባኤ የጸደቁት ሕጎች ቁጥራቸው በ93 የሚጀምር ነው።

ከ2003 በፊት

ኦባማ በኖቬምበር 1996 የተመረጡት በ13ኛው የሴኔት ምርጫ ክልል ሲሆን ከእርሳቸው በፊት መቀመጫውን የያዙት አሊስ ፓልመር ነበሩ። የምርጫ ክልሉ በቺካጎ ደቡባዊ ክፍል የሚገኝ ሲሆን የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያለበትን የሃይድ ፓርክ ሠፈር ይጨምራል። ኦባማ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ሕገ መንግሥት ያስተምሩ ነበር።

በዚያን ጊዜ ሴኔቱ በሪፐብሊካን ፓርቲ እጅ ነበር። የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ሪፐብሊካኑ ጄምስ ፊሊፕ ሲሆኑ የዴሞክራቶቹ መሪ ደግሞ ከቺካጎ የተመረጡት ኤሚል ጆንስ ነበሩ። ለአናሳው ወገን አባል የሚቀረው መንገድ ከሪፐብሊካኖች ጋር ተባብሮ መሥራት ነበር። ኦባማም በ1998 ከሪፐብሊካኑ ሴናተር ከርክ ዲላርድ ጋር በመሆን የግዛቲቱ ባለሥልጣናትና የምክር ቤት አባላት ስጦታ እንዳይቀበሉ የሚገድብ የሥነ ምግባር ሕግ እንዲወጣ ሠርተዋል። ለዚህ ሥራ የመደቧቸው ጆንስ ነበሩ። ብዙ የምክር ቤት አባላት ሕጉን ስላልወደዱት ሥራው ለአዲስ አባል ቀላል አልነበረም።

የ2003 የሥልጣን ለውጥ

በአሜሪካ በየአሥር ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ ከተካሄደ በኋላ የምርጫ ክልሎች ድንበር እንደገና ይሠራል። ከ2000 ቆጠራ በኋላ የኢሊኖይ ሁለቱ ፓርቲዎች በአዲሱ ካርታ ሊስማሙ አልቻሉም። የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ለእንዲህ ዓይነቱ አለመግባባት ያስቀመጠው መፍትሔ ዕጣ ነው፤ ዕጣው በ2001 ለዴሞክራቶች ወጣ። አዲሱን ካርታም እነርሱ ሠሩት።

በኖቬምበር 2002 በተካሄደው ምርጫ ዴሞክራቶች 32 የሴኔት መቀመጫ ሲያገኙ ሪፐብሊካኖች 26፣ የግል ተወዳዳሪ ደግሞ 1 መቀመጫ አገኙ። በዚያው ምርጫ ዴሞክራቱ ሮድ ብላጎየቪች አገረ ገዥ ሆነው ተመረጡ። ከ1977 ወዲህ ይህን ሥልጣን የያዙ የመጀመሪያው ዴሞክራት ናቸው። የተወካዮች ምክር ቤትም ቀድሞውኑ በዴሞክራቶች እጅ ስለነበር ሦስቱም የሥልጣን ቦታዎች በአንድ ፓርቲ ሥር ገቡ።

በጃንዋሪ 2003 ኤሚል ጆንስ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ኦባማ ደግሞ የሴኔቱ የጤናና የሰብአዊ አገልግሎት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። በዚያው ወር ለአሜሪካ ፌዴራል ሴኔት እንደሚወዳደሩ በይፋ አስታወቁ።

ዋና ዋና ሕጎች

የግድያ ምርመራን የመቅረጽ ሕግ

በሴኔት ረቂቅ ቁጥር 15 ሆኖ የቀረበው ይህ ሕግ ከኦባማ የግዛት ሕጎች ሁሉ በስፋት የታወቀው ነው። ረቂቁ የቀረበው ኢሊኖይ በሞት ቅጣት አፈጻጸሟ ከባድ ቀውስ ውስጥ በነበረችበት ጊዜ ነው።

ኢሊኖይ የሞት ቅጣትን በ1977 ከመለሰች በኋላ እስከ 2000 መጀመሪያ ድረስ 12 ሰዎችን በሞት ቀጥታለች። በዚያው ጊዜ ውስጥ ሞት ተፈርዶባቸው የነበሩ 13 ሰዎች ፍርዳቸው ተሽሮ ነጻ ወጥተዋል። ማለትም በስህተት ተፈርዶባቸው የተገኙት በሞት ከተቀጡት በቁጥር በልጠው ነበር። ሪፐብሊካኑ አገረ ገዥ ጆርጅ ራያን በጃንዋሪ 2000 የሞት ቅጣት እንዳይፈጸም አገዱ፤ ችግሩን የሚያጠና ኮሚሽንም አቋቋሙ። ኮሚሽኑ በኤፕሪል 2002 ያቀረበው ሪፖርት 85 ምክረ ሐሳቦች ነበሩት። ከእነዚህ አንዱ በግድያ ወንጀል የተጠረጠሩ ሰዎች በእስር ላይ ሳሉ የሚደረግባቸው ምርመራ በሙሉ እንዲቀረጽ የሚል ነበር። ራያን ሥልጣን ሊለቁ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው በጃንዋሪ 2003 ሞት ለተፈረደባቸው አራት ሰዎች ሙሉ ይቅርታ አደረጉ፤ የቀሩትንም ሁሉ ከሞት ቅጣት አዳኑ።

የፖሊስ ምርመራ በተለይ ያነጋገረው በቺካጎ በደረሰው በደል ምክንያት ነው። የቺካጎ ፖሊስ አዛዥ የነበሩት ጆን በርጅና በሥራቸው ያሉ መርማሪዎች ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ጥቁር ተጠርጣሪዎችን በማሰቃየት የእምነት ቃል ይቀበሉ እንደነበር በምርመራ ተረጋግጧል። በርጅ በ1993 ከሥራ ተባረሩ፤ በ2010 ደግሞ ስለ ጉዳዩ በመሐላ ሐሰት በመናገር በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። ፍርድ ቤት ውስጥ ተጠርጣሪው «ተደብድቤ ነው ያመንሁት» ሲል፣ ፖሊሱ ደግሞ «በፈቃዱ ነው የተናገረው» ሲል፣ ዳኛውና የፍርድ ሸንጎው አባላት በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሆነውን የሚያዩበት መንገድ አልነበራቸውም።

ኦባማ ረቂቁን ሲያቀርቡ የፖሊስ ማኅበራትና ዐቃቤ ሕጎች ተቃወሙ። የተቃውሟቸው ፍሬ ነገር ቀረጻው ተጠርጣሪዎች እንዳይናገሩ ያደርጋል፣ ወጪው ይበዛል፣ በጥቃቅን የአሠራር ጉድለትም ወንጀለኛ ነጻ ሊወጣ ይችላል የሚል ነበር። አገረ ገዥ ብላጎየቪችም በመጀመሪያ የግዴታ ቀረጻን አልደገፉም። በሌላ በኩል የሞት ቅጣት ተቃዋሚዎች ሕጉ እንዳይሸራረፍ ይፈልጉ ነበር። ኦባማ ሁሉንም ወገኖች በተደጋጋሚ ሰብስበው አነጋገሩ። ቀረጻው ንጹሕ ሰው እንዳይፈረድበት ከመጠበቁ ሌላ ሥራውን በአግባቡ የሚሠራን ፖሊስ ከሐሰት ክስ እንደሚያድን፣ ለዐቃቤ ሕግም ጠንካራ ማስረጃ እንደሚሆን አስረዱ። በ2006 በታተመው «የተስፋ ድፍረት» በተባለው መጽሐፋቸውም ይህን ድርድር አንሥተዋል።

ከድርድሩ የወጣው ሕግ ዋና ዋና ድንጋጌዎች የሚከተሉት ናቸው፦

• ሕጉ የሚመለከተው በግድያ ወንጀሎች የተጠረጠረ ሰው በፖሊስ ጣቢያ ወይም በሌላ የማቆያ ቦታ ተይዞ ሲመረመር ነው።
• ቀረጻው በድምፅ ወይም በምስል ሊሆን ይችላል፤ ያልተቆራረጠና ሆን ተብሎ ያልተለወጠ መሆን አለበት።
• ምርመራው ካልተቀረጸ ተጠርጣሪው የሰጠው ቃል ማስረጃ ሆኖ ተቀባይነት እንደሌለው የሕግ ግምት ይወሰዳል።
• ዐቃቤ ሕግ ቃሉ በፈቃድ የተሰጠና የሚታመን መሆኑን በማስረጃ ብልጫ ካስረዳ ግምቱ ይፈርሳል።
• ለመቅረጽ የማይቻልበት ሁኔታ ሲፈጠር፣ ተጠርጣሪው ሳይጠየቅ በራሱ ሲናገር፣ ወይም «ካልተቀረጽሁ ብቻ እናገራለሁ» ሲል ቀረጻ ላይገደድ ይችላል። በመጨረሻው ሁኔታ ግን ይህን ማለቱ ራሱ መቀረጽ አለበት።
• ቀረጻው ፍርዱ የመጨረሻ እስኪሆንና ይግባኝ እስኪያልቅ ድረስ ተጠብቆ ይቆያል።

ረቂቁ በሴኔቱ ያለ ተቃውሞ ድምፅ አለፈ። ብላጎየቪችም አቋማቸውን ለውጠው በጁላይ 17 ቀን 2003 ፈረሙበት። የፖሊስ ጣቢያዎች መሣሪያ እንዲገዙና መርማሪዎች እንዲሠለጥኑ የቀረጻ ግዴታው ከሁለት ዓመት በኋላ በጁላይ 2005 ተጀመረ። አላስካ በ1985፣ ሚኒሶታ በ1994 በፍርድ ቤት ውሳኔ ቀረጻን ግዴታ አድርገው ነበር። ሕግ አውጪው በሕግ የደነገገባት የመጀመሪያዋ ግዛት ግን ኢሊኖይ ናት።

የትራፊክ ማስቆም የስታቲስቲክስ ጥናት ሕግ

በሴኔት ረቂቅ ቁጥር 30 የቀረበው ይህ ሕግ የተነሣው ፖሊስ ጥቁርና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸውን አሽከርካሪዎች በዘራቸው ምክንያት እየለየ ያስቆማል ከሚለው አቤቱታ ነው። ጉዳዩ ለዓመታት ሲያከራክር የቆየ ቢሆንም በግዛት ደረጃ የተሰበሰበ መረጃ ስላልነበረ አንዱ ወገን የግል ገጠመኝ ሲያቀርብ ሌላው ወገን ይክድ ነበር።

ሕጉ ፖሊስን አልከሰሰም፤ እንዲመዘግብ ብቻ አዘዘ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2004 ጀምሮ ማንኛውም የኢሊኖይ ፖሊስ አሽከርካሪን በትራፊክ ጥፋት ባስቆመ ቁጥር የጥፋቱን ዓይነት፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን፣ የተሽከርካሪውን ዓይነት፣ የአሽከርካሪውን ጾታና ዘር፣ ፍተሻ መደረጉንና ፍተሻው በአሽከርካሪው ፈቃድ መሆን አለመሆኑን፣ እንዲሁም የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ይሁን የቅጣት ወረቀት ይመዘግባል። ዘርን የሚሞላው ፖሊሱ በራሱ ግምት ነው፤ አሽከርካሪው አይጠየቅም። ጥናቱ የሚያተኩረው ፖሊሱ ያየው መስሎት ባሰበው ዘር ላይ ስለሆነ ይህ አሠራር ከዓላማው ጋር ይስማማል።

መረጃው ወደ ግዛቲቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ይላካል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትንተናውን የሠራው የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ደኅንነት ማዕከል ነበር። በየዓመቱ ከሁለት ሚሊዮን በላይ የማስቆም ድርጊቶች ይመዘገቡ ስለነበር የመረጃው ክምችት በአሜሪካ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ሆነ።

የትንተናው ዋና ችግር የማነጻጸሪያ ጉዳይ ነው። በአንድ ከተማ ከተቆሙት አሽከርካሪዎች 40 በመቶ የሚሆኑት ጥቁር ናቸው ቢባል፣ ቁጥሩ ብዙ ወይም ጥቂት መሆኑን ለማወቅ በዚያ መንገድ ከሚያሽከረክሩት ስንቱ ጥቁር እንደሆኑ መታወቅ አለበት። የከተማው ነዋሪ ቁጥር ለዚህ አይበቃም፤ በአውራ ጎዳና የሚያልፈው ሰው ሁሉ የዚያ ከተማ ነዋሪ አይደለምና። ከቆመ በኋላ የሚሆነው ነገር ግን ለማነጻጸር ይቀላል፤ ምክንያቱም የቆሙት ሰዎች ቁጥር በትክክል ይታወቃል። ጥናቶቹ ነጭ ያልሆኑ አሽከርካሪዎች ከነጮች ይልቅ በብዛት ለፍተሻ ፈቃድ እንደሚጠየቁ ደጋግመው አሳይተዋል።

የሥራ ገቢ የግብር ተቀናሽ

ኢሊኖይ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኞች የግብር ተቀናሽ መስጠት የጀመረችው በ2000 ነው። መጠኑ የፌዴራል መንግሥት ለተመሳሳይ ሠራተኛ ከሚሰጠው ተቀናሽ 5 በመቶ ነበር። ይሁን እንጂ ሁለት ጉድለቶች ነበሩበት፦ የተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚቆይ ነበር፤ ተመላሽም አልነበረም።

ተመላሽ መሆን አለመሆኑ ለድሃ ቤተሰብ ትልቅ ልዩነት አለው። ለምሳሌ አንድ ሠራተኛ 100 ዶላር የግዛት ግብር ቢኖርበትና 200 ዶላር ተቀናሽ ቢገባው፣ ተቀናሹ ተመላሽ ካልሆነ ግብሩ ይሠረዝለታል እንጂ ቀሪውን 100 ዶላር አያገኝም። ተመላሽ ከሆነ ግን ቀሪው 100 ዶላር በእጁ ይገባል። ገቢያቸው እጅግ ዝቅተኛ የሆኑ ሰዎች የሚከፍሉት ግብር ትንሽ ስለሆነ ተመላሽ ካልሆነ ተቀናሽ የሚጠቀሙት ጥቂት ነው። ኦባማ በሴኔት ረቂቅ ቁጥር 4 ያቀረቡትና በ2003 የጸደቀው ሕግ ተቀናሹን ቋሚና ተመላሽ አደረገው።

የጤና ሕጎች

የጤና ኮሚቴው ሰብሳቢ በነበሩበት ጊዜ ኦባማ ሦስት ታዋቂ የጤና ሕጎችን በሴኔቱ አቅርበዋል።

የመጀመሪያው «ኪድኬር» የተባለውን የሕፃናት የጤና መድን የሚመለከት ነው። በ2003 የወጣው ሕግ ፕሮግራሙን ቋሚ ከማድረጉም ሌላ የገቢ ጣሪያውን ከፍ በማድረግ ተጨማሪ ሕፃናት እንዲገቡበት ፈቅዷል። ለወላጆች የነበረው የመድን ፕሮግራምም ሰፋ።

ሁለተኛው በሴኔት ረቂቅ ቁጥር 59 የቀረበው የሆስፒታሎች የውጤት መግለጫ ሕግ ነው። ከጃንዋሪ 2004 ጀምሮ የጸናው ይህ ሕግ ሆስፒታሎች በየክፍሉ የሚመድቧቸውን ነርሶች ቁጥርና በሆስፒታል ውስጥ የሚይዙ ኢንፌክሽኖችን መጠን ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ዓላማው ታካሚው የሚታከምበትን ቦታ ሲመርጥ በወሬ ፈንታ በመረጃ እንዲመራ ነው።

ሦስተኛው በ2004 የጸደቀው የጤና ፍትሕ ሕግ ነው። ይህ ረቂቅ የመጣው ከተወካዮች ምክር ቤት ሲሆን የሴኔቱ ዋና አቅራቢ ኦባማ ነበሩ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ግዛቲቱ ሁሉንም ነዋሪ የሚያዳርስ የጤና ሽፋን እንድታቋቁም የሚያስገድድ ነበር። የመድን ኩባንያዎች አጥብቀው በመቃወማቸው ኦባማ ከእነርሱ ጋር ተነጋግረው ጽሑፉን አለዘቡት። የጸደቀው ሕግ ግዴታውን አስቀርቶ ጉዳዩን የሚያጠናና ምክረ ሐሳብ የሚያቀርብ ግብረ ኃይል አቋቋመ። ደጋፊዎቻቸው ይህን ረቂቁን ከመውደቅ ያዳነ ስምምነት አድርገው ሲያዩት፣ ተቺዎች ግን ዋናው ነገር ተላልፎ ተሰጥቷል ብለዋል።

«ተገኝቻለሁ» የሚለው ድምፅ

በኢሊኖይ ምክር ቤቶች አንድ አባል ከድጋፍና ከተቃውሞ ሌላ «ተገኝቻለሁ» የሚል ድምፅ መስጠት ይችላል። ረቂቅ የሚያልፈው በሴኔቱ 30 የድጋፍ ድምፅ ሲያገኝ ብቻ ስለሆነ ይህ ድምፅ በውጤቱ ከተቃውሞ አይለይም። አባላት ረቂቁ ሕገ መንግሥታዊ ጥያቄ አለበት ብለው ሲያምኑ፣ ፓርቲያቸው በጋራ ሲወስን ወይም ግልጽ ተቃውሞ በምርጫ ጊዜ ይጎዳናል ብለው ሲሰጉ ይጠቀሙበታል። ኦባማ በስምንት ዓመት ውስጥ ከሰጧቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ድምፆች 130 ያህሉ «ተገኝቻለሁ» የሚሉ ነበሩ። በ2008 የፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዘመቻ ተፎካካሪዎቻቸው ይህን እንደ ሽሽት ሲያቀርቡት፣ እርሳቸው የግዛቲቱ የተለመደ አሠራር እንደሆነ ተከራክረዋል።

ሕጉ የማን ነው?

በ2003ና በ2004 የወጡት ሕጎች በኦባማ ስም መመዝገባቸው በኋላ ክርክር አስነሥቷል። የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ጆንስ ኦባማ ለፌዴራል ሴኔት ሲወዳደሩ በግልጽ የደገፏቸው ሲሆን፣ የትኛውን ረቂቅ ማን እንደሚመራም በእጃቸው ነበር። የትራፊክ ማስቆምን ጉዳይ ለዓመታት ሲገፉ ከነበሩት መካከል የቺካጎው ሴናተር ሪኪ ሄንደን ይገኙበታል። ሌሎች የደከሙበትን ረቂቅ ለኦባማ በማስረከብ ስም እንዲያገኙ ተደርጓል የሚል ቅሬታ ከአንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻቸው ተሰምቷል።

በሌላ በኩል የአቅራቢነት ሥራ ስምን ከማስመዝገብ በላይ መሆኑን የሚያሳየው የቀረጻው ሕግ ነው። የኮሚሽኑ ምክረ ሐሳብ ከመጽደቁ በፊት ታትሞ ነበር፤ አብላጫውም በዴሞክራቶች እጅ ነበር። ሆኖም የፖሊስ ማኅበራትን ከተቃውሞ ያወጣውና ሴኔቱን ያለ ልዩነት ድምፅ ያሰጠው ድርድሩ ነው። በ2004 የፌዴራል ሴኔት ምርጫ ዘመቻ የፖሊስ ተወካዮች ራሳቸው ኦባማ በሞት ቅጣት ማሻሻያዎች ላይ ከእነርሱ ጋር ተቀራርበው እንደሠሩ መስክረዋል።

ሁለቱም አስተያየቶች በአንድ ነገር ይገናኛሉ። ያለ 2002ቱ የምርጫ ውጤት እነዚህ ረቂቆች ከደንብ ኮሚቴው አይወጡም ነበር፤ ከወጡ በኋላ ግን የእያንዳንዱን ሕግ ይዘት የወሰነው በኮሚቴና በድርድር የተሠራው ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ

ኦባማ በኖቬምበር 2 ቀን 2004 ለአሜሪካ ፌዴራል ሴኔት ተመርጠው ከሁለት ቀን በኋላ ከግዛቱ ሴኔት ለቀቁ። መቀመጫቸውን ክዋሜ ራውል ተረከቡ። ራውል የሞት ቅጣትን በኢሊኖይ ያስቀረው ረቂቅ የሴኔቱ ዋና አቅራቢ ነበሩ፤ አገረ ገዥ ፓት ክዊን በማርች 2011 ፈርመውበታል።

የቀረጻው ሕግ በ2013 ተሻሽሎ ከግድያ ሌላ ወደ ሌሎች ከባድ የኃይል ወንጀሎች በደረጃ እንዲሰፋ ተደርጓል። በ2014 ደግሞ ኦባማ ፕሬዚዳንት ሆነው ሳለ የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር፣ የፌዴራል መርማሪዎች በማቆያ ቦታ ያለን እስረኛ ሲጠይቁ በመርህ ደረጃ እንዲቀርጹ መመሪያ አውጥቷል። ኢሊኖይ በ2021 ፖሊስ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ተጠርጣሪዎችን ሲመረምር ውሸት በመናገር የእምነት ቃል እንዳያወጣ የከለከለች የመጀመሪያዋ ግዛት ሆናለች።

የትራፊክ ማስቆም ጥናት በመጀመሪያ ለጥቂት ዓመታት ብቻ የታሰበ ነበር። ዘመኑ በተደጋጋሚ ከተራዘመ በኋላ በ2019 ቋሚ ሆኗል፤ ከ2016 ጀምሮም በእግር የሚሄዱ ሰዎችን ማስቆም ይጨምራል። የሥራ ገቢ የግብር ተቀናሹ ከ5 በመቶ ተነሥቶ በ2013 ወደ 10፣ በ2018 ደግሞ ወደ 18 በመቶ ከፍ ብሏል። የሕፃናት መድኑም በ2005 በወጣው «ኦል ኪድስ» በተባለው ሕግ ይበልጥ ሰፍቷል።